ቢጃማ በቀን ብርሃን

ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደምታስታውሱት፣ በግንቦት ወር በተደረገው የተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከቀረቡት አሳቦች አንዱ፣ «ማንኛውም ተማሪ የሌሊት ልብስ ለብሶ ወደ ምግብ አዳራሽና ወደ ቤተ መጻሕፍት እንዳይገባ ይከልከል» የሚል ነበር። አሳቡ በብዙ ጭብጨባ ተደግፎ አለፈ። ያቀረብነውም እኛ ነበርን። («እኛ» ስንል አንባቢ ብዙ ሰው እንዳይመስለው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥንና አንድ ጋቢ ያለን አንድ ሰው ነን። በጽሑፍ ላይ «እኔ፣ እኔ» ማለት ደግ አይደለም እየተባልን ስላደግን ነው።) አሁን ብዕር ያነሣነው በዚያ ጭብጨባ ለመመካት ሳይሆን፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነገር ሳንደብቅ ለመናገር ነው።

በስብሰባው ላይ የተናገርነው ቃል እንዲህ የሚል ነበር። ወጥ ቤት የሚሠሩት እናቶች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው፣ ነጭ ጋውናቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው ፍርፍሩን ያዘጋጁልናል። እኛ ግን ዓይናችንን እንኳ ሳንታጠብ፣ በተኛንበት ጨርቅ፣ ነጠላ ጫማችንን እየጎተትን ሰሐናችንን እንዘረጋላቸዋለን። ለእኛ ብሎ የለበሰን ሰው፣ እኛም ለእሱ ብለን ለብሰን ልንቀርበው ይገባል። ጭብጨባው የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ቃላችን አሁንም ቢሆን አናፍርም። የምናፍርበት ነገር ከዚህ በኋላ ይመጣል።

አሳቡ ካለፈ በኋላ ደንቡን የሚያረቅ አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተመረጠ፤ እኛም ገባንበት። ሥራው የአንድ ሰዓት ሥራ መስሎን ነበር። ዳሩ ግን ገና የመጀመሪያውን መስመር ስንጽፍ «የሌሊት ልብስ ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ሁለት ማታ ሙሉ አከራከረን።

«ሰው ሲተኛ የሚለብሰው ልብስ ነው፤ ይኸ ምን ያጠያይቃል?» አለ አንዱ። መልካም። ነገር ግን ከአምስታችን ውስጥ ቢጃማ ያለው አንድም ሰው አልተገኘም። ሁለታችን የምንተኛው በቱታ ነው። ያንኑ ቱታ ለብሰን ክፍል እንገባለን፤ ከሰዓት በኋላ ኳስ እንጫወትበታለን፤ ማታም ተመልሰን እንተኛበታለን። ሦስተኛው ጓደኛችን በካናቴራና በቁምጣ ይተኛል። አራተኛው የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነ በሽርጥ ይተኛል፤ ሽርጥን የሌሊት ልብስ ብለን ብንጽፍ ግን ፊርማውን እንደማያኖር አስቀድሞ ነገረን። እሱ ባደገበት ሰፈር የተከበሩ አባቶች ሽርጣቸውን አገልድመው ከሰዓት በኋላ በደጃፋቸው ይቀመጣሉ፤ እንግዳም በዚያው ልብስ ይቀበላሉ። የአፋር ሰውማ ሽርጡን ታጥቆ ግመሉን ይነዳል። አምስተኛው ሲጠየቅ ሣቅ አለና «እኔ የምተኛው በጋቢ ነው» አለ። በዚህን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን፤ ምክንያቱም የዚህ አገር ብርድ በጠና ጊዜ ከቁርስ ሰልፈኛው ግማሹ ጋቢ ለባሽ ነው፤ ያም ጋቢ ከጥቂት ደቂቃ በፊት አልጋ ላይ እንደነበረ የማያውቅ የለም።

ሁለተኛው ትርጓሜ «ላይና ታቹ ከአንድ ዓይነት ጨርቅ የተሰፋ» የሚል ነበር። «እንግዲያው የዲኑን ሙሉ ልብስ ልትከለክል ነው?» ተባለና ተሠረዘ። ሦስተኛው «የድብ፣ የጨረቃና የኮከብ ሥዕል ያለበት» የሚል ሲሆን፣ ይኸኛው ደግሞ ከሴቶች መኝታ ቤት ብርቱ ተቃውሞ እንደሚያመጣ ስለታወቀ ተተወ። በመጨረሻ ሁላችንም እንቅልፋችን ስለመጣ «ቢጃማና ቢጃማ መሰል ልብሶች» ብለን ጻፍን። ደንብ በሚጻፍበት ጊዜ «መሰል» የምትለው ቃል የሰነፍ ኮሚቴ ባለውለታ ናት።

የደንቡን ምክንያት ጽፎ የማቅረቡ ሥራ ለእኛ ተሰጠን። እኛም ሌላው ዓለም በዚህ ነገር ላይ ምን እንዳደረገ ለማየት ጥቂት አነበብን። እንደ ልባችንም አገኘን። በብሪታንያ በካርዲፍ ከተማ ያለ አንድ የቴስኮ መደብር እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ቢጃማ ለብሰውና ባዶ እግራቸውን ለገበያ እንዳይመጡ ደንበኞቹን በማስታወቂያ ጠይቋል። በእንግሊዝ አገር በዳርሊንግተን ያለ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርም እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ልጆቻቸውን በቢጃማ የሚያደርሱ ወላጆች ልብሳቸውን ለውጠው እንዲመጡ ደብዳቤ ጽፈዋል። በቻይና አገር ደግሞ የሻንጋይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፉን ኤክስፖዚሽን ስታዘጋጅ ነዋሪዎቿ በቢጃማ ወደ መንገድ እንዳይወጡ የሚመክሩ ማስታወቂያዎች ሰቅላ፣ በየሰፈሩም በጎ ፈቃደኞች አሰማርታ ነበር። ይህንን ሁሉ ሰብስበን «የሠለጠነው ዓለም ይከለክላል» ብለን ጻፍን። ከዚያ በላይ አላነበብንም። ፈላጊ የፈለገውን ሲያገኝ መጽሐፉን ማጠፍ ይወዳልና።

ማስታወቂያው ሰኞ ዕለት ማኅተም ታትሞበት በምግብ አዳራሹ በር ላይ ተለጠፈ። ሐሙስ ጧት የሆነው ግን እንዲህ ነው።

ወደ ቁርስ የምንሄደው እኛ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ከሥር ሦስት ሳምንት ያልታጠበ ቱታችንን ለብሰን ነበር። ከፊታችን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ተሰልፏል። የለበሰው ሰማያዊ ቢጃማ ነው፤ አንገትጌውና እጅጌው ላይ ነጭ ክር ዞሮበታል። የሱሪው መስመር እንደ ቢላዋ ቀጥ ብሏል፤ ሌሊቱን ከፍራሽ ሥር እንደተተኮሰ ያስታውቃል። ፀጉሩ ተበጥሯል፤ ጫማውም ከነካልሲው ነው። በር ላይ የሚቆሙት ሽማግሌ የሚል ካርዱን አዩና ጎንበስ ብለው በዝግታ፣ «ልጄ፣ ይኸ ልብስ አይገባም ተብሏል። እስቲ ያቺን አንብባት» አሉት። ልጁ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች ድረስ አነበበው። «እሺ ጋሼ» አለና ከሰልፉ ወጥቶ ሄደ። አልተከራከረም። ሽማግሌው ለእኛ ራሳቸውን ነቅንቀው ሰላምታ ሰጡን፤ እኛም ገብተን ፍርፍራችንን በላን። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደንባችን መሥራቱን በዓይናችን በማየታችን ደስ ብሎናል።

ያ ልጅ ምሳ ላይ አልመጣም። እራት ላይም አልታየም። የዓርብ ቁርስም እንዲሁ አለፈው። ይህንን የነገረን አብሮት በአንድ ክፍል የሚኖር የአገራችን ልጅ ነው፤ የነገረንም ለወቀሳ ሳይሆን «ከቤቱ ያመጣው በሶ ባይኖር ኖሮ ጾሙን ይውል ነበር» ብሎ ለጨዋታ ያህል ነው። ያንን ማታ ከአልጋችን ላይ ተገላብጠን አደርን ብንል ማጋነን ይሆናል። እንቅልፍስ ተኝተናል። ብቻ በማግሥቱ እግራችን ወደዚያ ክፍል ወሰደን።

ስንገባ መጀመሪያ ያየነው በተደራራቢው አልጋ ብረት ላይ የተሰቀለ አንድ ጅንስ ሱሪ ነው፤ ጫፉ ገና ይንጠባጠባል። ነገሩን ልጁ ራሱ አስረዳን። ውኃ ወደ መኝታ ቤቶቹ የሚመጣው ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የሚመጣበት ሌሊትም አይታወቅም። ረቡዕ ሌሊት የቧንቧው ድምፅ ሲሰማ ልጁ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ያለችውን አንዲት ሱሪ አጠበ። የሰኔ ዝናብ ደግሞ ያጠቡትን አያደርቅም። ሱሪዋ እስክትደርቅ ድረስ ወደ ምግብ አዳራሽ መግባት እንዳይችል ያደረገው እንግዲህ የእኛ ደንብ ነው።

«ቢጃማውን ከየት አገኘኸው?» ብለን ጠየቅነው። ከቤይሩት ነው የመጣው። እኅቱ እዚያ በሰው ቤት ትሠራለች። እሱ ዩኒቨርሲቲ መግባቱን በሰማች ጊዜ በሰው እጅ ልካለት፣ በስልክም እንዲህ ብላው ኖሯል፦ «እኔ ባለሁበት ቤት ልጆቹ ለመኝታቸው ብቻ የሚሆን ልብስ አላቸው። አንተም እንግዲህ ተማሪ ሆነሃልና እንደነሱ ትተኛለህ።» ይህንን ሲነግረን ፈገግ ይላል። እኛም ለመጫወት ያህል «ታዲያ ይመቻል?» አልነው።

«ምኑ?»

«መኝታው ነዋ።»

«ኧረ እኔ ተኝቼበት አላውቅም» አለን ገርሞት። «ይጨማደዳል እኮ። የምተኛው በዚህ ነው» ብሎ ብብቱ የተቀደደ አሮጌ ሸሚዝና አንድ ጋቢ አሳየን።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከአንተ ጋር እንቁጠር። በመጀመሪያው ትርጓሜ መሠረት፣ ማለት ሰው ሲተኛ የሚለብሰው ልብስ በሚለው፣ ሐሙስ ጧት ከዚያ ሰልፍ ውስጥ የሌሊት ልብስ ያልለበሰ ያው ልጅ ነበር። የሌሊት ልብስ ለብሰን የገባነው እኛ ነን።

ከዚህ በኋላ ያጠፍነውን እንደገና ገለጥነው። የሻንጋይ ሰዎች ለምን በቢጃማ ወደ መንገድ እንደሚወጡ ከመጀመሪያውም ተጽፎ ኖሯል። በዚያች ከተማ በሎንግታንግ፣ ማለት በጠባብ መተላለፊያ ግራና ቀኝ በተሠሩ አሮጌ ቤቶች፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የታሰበው ቤት ለብዙ ቤተ ሰብ ተከፋፍሎ፣ ወጥ ቤቱና መጸዳጃው በጋራ ሆኖ ሕዝቡ ለረጅም ዘመን ኖሯል። እንግዲህ ከጎረቤት ጋር ተሰልፎ የሚጸዳዳ ሰው ቤቱ የት ላይ አልቆ መንገዱ የት ላይ ይጀምራል? አትክልት ሻጩ ያለው ከመተላለፊያው ጫፍ ነው፤ እስከዚያ ለመሄድ ልብስ የሚለውጥ ሰው እንግዳ ነው የሚመስለው። በዚህ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ ኑሮ ጥቂት ሲሻሻል፣ ለመኝታ ብቻ የሚሆን ልብስ መግዛት መቻል ራሱ የመሻሻል ምልክት ሆነ። ቀድሞ ባረጀ ልብሱ ይተኛ የነበረ ሰው አዲስ ቢጃማ ገዝቶ ቢወጣበት፣ ያንን ገመናን እንደ መግለጥ ሳይሆን ያለውን እንደ ማሳየት ነው የሚቆጥረው። በቤይሩት ያለችውም እኅት አሳብ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ከ70 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ ሊመጣ ነው ተብሎ የታፈረበት ልብስ፣ ለባሾቹ የኮሩበት ልብስ ነበር።

ከሻንጋዩ የከፋም አገኘን። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በአንሁዊ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የሱጆ ከተማ ባለሥልጣኖች፣ በመንገድ ካሜራ የተነሡ ቢጃማ የለበሱ ሰባት ሰዎችን ከነፎቶግራፋቸውና ከነስማቸው «ያልሠለጠነ ጠባይ» ብለው በኢንተርኔት አወጧቸው። ሕዝቡ እጅግ ስለተቆጣ ከተማዪቱ ይቅርታ ጠየቀች። እኛ ካሜራ የለንም። ነገር ግን አንድን ሰው በሰልፈኛው ሁሉ ፊት ማስታወቂያ አስነብቦ መመለስ ከዚህ በምን ይሻላል? ይቅርታ በመጠየቁማ የሱጆ ሹማምንት በልጠውናል።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር እንጨምር። ቢጃማ የሚለው ስም የመጣው ከፋርስና ከሕንድ ቋንቋዎች ነው፤ «ፓይ» እግር፣ «ጃማ» ልብስ፣ በአንድነት የእግር ልብስ ማለት ነው። በሕንድ አገር እስከ ዛሬ ድረስ ሰዎች ከረዥም ሸሚዝ ጋር ለብሰውት ወደ ሥራም ወደ ሠርግም ይሄዳሉ። የሌሊት ልብስ ያደረጉት እዚያ የነበሩ እንግሊዞች ናቸው፤ በቤት ውስጥ ለመዝናናት ለበሱት፤ በኋላም ወደ አገራቸው ወስደው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ለመኝታ አዋሉት። ስለዚህ አንድ የዴልሂ ሰው በዚያው ስም የሚጠራውን የአገሩን ልብስ ለብሶ ምግብ አዳራሻችን በር ቢመጣ፣ ሽማግሌው ማስታወቂያውን ያስነብቡት ይሆን?

ይህንን ስንል በሌሊትና በቀን፣ በቤትና በአደባባይ መካከል ልዩነት የለም ማለታችን አይደለም። ልዩነቱንስ አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ጠንቅቀው ያውቁታል። ብቻ ያኖሩት በጨርቁ ላይ ሳይሆን በአለባበሱ ላይ ነው። አንዱ ነጠላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱበት መስቀለኛ ይጣፋል፤ በትልቅ ሰው ፊት ሲቆሙ ይደገደጋል፤ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል። ጨርቁ ያው ነው፤ የሚያይ ሰው ግን ከሩቅ አይቶ ሰውየው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። አያታችን ሌሊት የተኙበትን ጋቢ ጧት ከደጅ ወጥተው ሁለት ጊዜ ያራግፉታል። ከዚያ ውኃ አስመጥተው ፊታቸውን፣ እጃቸውንና እግራቸውን ይታጠቡና ጋቢውን እንደገና ያጣፉታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የቀን ልብስ ነው። ሳያራግፉና ሳይታጠቡ ግን ንጉሥ ቢመጣም ከጓዳ አይወጡም ነበር። እኛም በስብሰባው ላይ ስለ ወጥ ቤት እናቶች ስንናገር በልባችን የነበረው ይኸው የአያታችን ነገር ይመስለናል። ወደ ወረቀት ስናወርደው ግን መታጠቡን ትተን ጨርቁን ያዝን።

ተማሪ የሰው ልብስ ዳኛ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ትርኢት ሲደረግ፣ ትርኢቱን የባዕድ ባህል ነው ያሉ ተማሪዎች በተመልካቾቹ ላይ እንቁላል ወርውረዋል፤ በዚያ ጠንቅ ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው ተዘግቶ ነበር። የእነሱ ጠብ ትልቅ ነገር ነበረበት፤ የእኛ ጠብ የቁርስ ሰዓት ነው። ቢሆንም የእነሱም እንቁላል ያረፈው በለባሹና በተመልካቹ ላይ ነው እንጂ ልብሱን በላከው ክፍል ላይ አልነበረም።

«ታዲያ በአደባባይ ቢጃማ መልበስ ይገባል ወይስ አይገባም? በቁርጥ ተናገሩ» የሚለን ይኖራል። እንናገራለን። ለቅሶ ቤትና ፍርድ ቤት በቢጃማ የሚሄድ ሰው ቢኖር ዛሬም እንቃወመዋለን፤ በዚያ ቦታ ያለው ሰው በሐዘን ወይም በጭንቅ ላይ ነውና እንደ ቀላል እንደቆጠርነው ሊመስለው አይገባም። በምግብ አዳራሽ ግን የታጠበ ሰው የታጠበ ቢጃማ ለብሶ ቢቀመጥ የሚጎዳ ሰው አላገኘንም። ያልታጠበ ጓደኛ ያለው ሰው ደግሞ፣ ጓደኛው ነውና፣ እዚያው መኝታ ቤት በሩን ዘግቶ ይንገረው፤ ለእኛም ስለ ቱታችን ማንም ሳይነግረን ሦስት ሳምንት መቆየታችን ያሳዝነናል። ቅጣቱ ምግብ መከልከል የሆነ፣ በበረኛ እጅ የሚፈጸም ደንብ ግን ለዚህ ነገር አይሆንም። የሚመታው ሁለት ሱሪ የሌለውን ሰው ብቻ ነው።

ይህንን አሳብ ለኮሚቴው በጽሑፍ አቀረብን። ሊቀ መንበሩ ተቆጡ፤ «ደንብ በጨዋታ አይደለም የሚወጣው፤ በሦስት ሳምንት ጊዜ ውስጥ አውጥቶ መሻር ማኅበሩን መሣቂያ ያደርገዋል» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ያደርገዋል። ቢሆንም ነገሩ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ እንዲቀርብ ፈቅደዋል። እስከዚያው ድረስ ማስታወቂያው በበሩ ላይ ይቆያል፤ በረኛው ሽማግሌ ግን ከዚያ ወዲህ በቢጃማ የመጣ ሰው ቢያዩ ወደ ሰማይ እንደሚመለከቱ ሰምተናል።

ልጁን ትናንት በጅንስ ሱሪው ከቤተ መጻሕፍት ሲወጣ አገኘነው። ይቅርታ ልንጠይቀው ጀምረን ነበር፤ ደንቡን ያወጣነው እኛ መሆናችንን ግን ገና አያውቅም ኖሯል። በነገርነው ጊዜ ጥቂት ዝም አለና፣ «ማስታወቂያው ላይ ቢጃማ መሰል የሚለውን የጻፋችሁት ምን አስባችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀን። እንቅልፋችን መጥቶ እንደነበረ ነገርነው።

ስብሰባው ሰኔ 21 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይደረጋል። የእኛ ጉዳይ በአጀንዳው ላይ አምስተኛ ነው። ከእሱ በፊት ያለው የውኃው ጉዳይ ነው።